ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፦ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ የአሜሪካ ኮሌጅ እርዳታ ማመልከትና አግኝቶ ማቆየት

ከመሀል ሜዳ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ በቴሌግራም የምትጠይቁኝ ልጆች በዝታችኋል፣ ለአንዱ ስመልስ ለሌላው የምረሳው ነገር አለ፣ ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ልጻፈው። እኔ መንዝ ተወልጄ ደብረ ብርሃን ነው ሃይስኩል የተማርኩት፣ አሜሪካ የገባሁት በኮሌጁ እርዳታ ነው አራቱንም ዓመት በሱ ጨርሻለሁ፣ አምና ደግሞ ታናሽ እህቴ ስታመለክት አብሬያት ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ሞልቻለሁ። ሁለቴ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ያዙልኝ። ኮሌጆቹ ገንዘብ የሚሰጡት "ደሃ ነኝ" ላለ ልጅ አይደለም፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚኖር በቁጥርና በወረቀት ላስረዳ ልጅ ነው። ፎርሙ የተሠራው የወር ደሞዝ ላለው፣ የባንክ ስቴትመንት ላለው፣ ቤቱን ሸጦ ሌላ መግዛት ለሚችል ሰው ነው። ገብስ የሚል ሳጥን የለውም፣ በግ የሚል የለውም፣ ጥማድ ምን እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩት።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። 12ኛ ክፍል ሆኜ ጠባሴ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ስሞላ፣ የአባት ደሞዝ ይላል፣ አባቴ ደሞዝተኛ አይደለም፣ ዜሮ። የእናት ደሞዝ፣ ዜሮ። የባንክ ቁጠባ፣ ዜሮ። ሌላ ገቢ፣ ዜሮ። እንደውም ዜሮ በበዛ ቁጥር የበለጠ ያዝኑልኛል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ላኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢሜል መጣ፣ ቤተሰብህ ምግብ ከየት ያገኛል፣ የቤት ኪራይህን ማን ይከፍልልሃል፣ በ7 ቀን ውስጥ ካላብራራህ ማመልከቻህን ልንመለከተው አንችልም ይላል። ደነገጥኩ። እኛ ሰፈር ያን ጊዜ ኔትወርክ የሚይዘው ተረተሩ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፣ ከገበያ በሚመለስ ሰው መልእክት ልኬ ሲመሽ አባዬ ተረተሩ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ።

"ገቢ የለንም ብዬ ነበር የጻፍኩት አባዬ።"
"ምን ብለህ?"
"ዜሮ ብዬ።"
ትንሽ ዝም አለና "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን በልተህ አደግክ ልጄ?" አለኝ።

ኮሌጁ የጠየቀኝም እሱኑ ነበር። የዛን ቀን ማታ በስልክ አንድ በአንድ ቆጠርን፣ እሱ ይነግረኛል እኔ እጽፋለሁ፣ ስንት ኩንታል ገብስ ገባ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንት በግ ወጣ፣ እናቴ ፈትላ የሸጠችው ስንት ነው፣ ባህር ዛፉ ስንት አወጣ። ያ ወረቀት ነው ያዳነኝ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡበት። በዓመቱ 20 ኩንታል ገብስ ገባ። 6 ኩንታሉ በ5,000 ብር ተሸጠ፣ 30,000 ብር። 5 በግ በ6,000 ብር ሂሳብ ወጣ፣ ሌላ 30,000። ከፈትልና ከኩበት 8,000። ድምሩ 68,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ገቢ የሚለው ላይ የሚገባው ይሄ ነው። የቀረው 14 ኩንታል 3ቱ ለዘር 11ዱ ለቀለብ ነው፣ እሱ ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ ገቢው ላይ አልደመርነውም ግን አልደበቅነውም፣ ማብራሪያው ላይ "ቤተሰቡ የሚበላውን ራሱ ያመርታል፣ በዓመት ይሄን ያህል" ብለን ጻፍን። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር "በምን ትኖራላችሁ" የሚለውን ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ትዘጋዋለች።

ከዛ ወጪውን። ማዳበሪያ፣ የማዳበሪያ ብድር ካለ ከነቀሪው፣ የመሬት ግብር፣ ከተማ ለሚማረው ልጅ የቤት ኪራይ፣ ህክምና፣ ጨውና ዘይት ምናምን። ከገጠር መጥታችሁ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ከሆነ ይሄን በደንብ ጻፉት፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ስንቅ ይመጣልኛል በሶና ቆሎ በዚህ ነው የምኖረው ማለት ሀፍረት የለውም፣ ፎርሙን ለሚያነበው ሰው ሂሳቡ የሚገጥምለት እንደዛ ሲባል ነው። ወጪያችሁ ከገቢያችሁ በጣም ከበለጠ ይጠይቃችኋል፣ ልዩነቱን ማን እንደሸፈነ (አረብ ሀገር ያለች እህት፣ አጎት፣ ብድር) ከነመጠኑ ጻፉ።

ንብረት የሚለው ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። መሬት። አባቴ 6 ጥማድ አለው ብዬ ዋጋ ልተምን ነበር፣ አንድ መምህሬ ናቸው ያስቆሙኝ። በህገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፣ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ የገበያ ዋጋ የለውም፣ ይሄንኑ በማብራሪያው ጻፉና መጠኑን በሄክታር አስቀምጡ፣ 4 ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ነው። ከብት ግን ንብረት ነው፣ ይቆጠራል፣ ሁለት በሬ አንዲት ላም 15 በግ ብላችሁ ጻፉ፣ በሬው ከተሸጠ እርሻ እንደማይኖር ደግሞ አስረዱ። እቁብ ላይ ያልደረሳችሁ ገንዘብ ካለ እሱም ይጻፋል። አትደብቁ፣ በናታችሁ። የደበቀ ልጅ አንድ ዓመት ሊያልፍለት ይችላል ግን ፎርሙ በየዓመቱ ሊጠየቅ ይችላል፣ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ካልገጠመ እርዳታው ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም ይሄዳል።

ቤተሰቦቻችሁ ደሞዝተኛ ከሆኑ ቀላል ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደሞዝ ደብዳቤ አውጡ፣ ተቆራጩና የተጣራው ተለይቶ ይጻፍ። ነጋዴ ከሆኑ የግብር ደረሰኝ።

የቀበሌ ደብዳቤ

ለገበሬ ልጅ ዋናው ወረቀት ይሄ ነው። ሄዳችሁ "የድህነት ደብዳቤ ስጡኝ" ካላችሁ "ዝቅተኛ ኑሮ የሚኖሩ መሆናቸውን እንገልጻለን" የሚል ሁለት መስመር ነው የሚሰጣችሁ፣ እሱ ለማንም አይጠቅምም። የሚጻፈውን ራሳችሁ ረቂቅ አድርጋችሁ ሂዱ። የቤተሰቡ ኃላፊ ሙሉ ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ስንቱ ተማሪ ነው፣ የመሬት መጠን፣ የከብት ብዛት፣ ግምታዊ ዓመታዊ ገቢ በብር፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ቀን፣ ማህተም፣ ሊቀመንበሩ የሚደወልላቸው ስልክ ቁጥር። አባዬ የመሬት ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የግብር ደረሰኙን በደብተሩ መሀል አስገብቶ ነው የሄደው፣ ሊቀመንበሩ ያንን አይተው ነው ቁጥሩን የጻፉት፣ ስለዚህ ቤተሰብ ባዶ እጁን አይሂድ። ደብዳቤው በአማርኛ ይሁን ችግር የለውም፣ እህቴ የእንግሊዝኛ መምህሯ ተርጉመውላት ትምህርት ቤቱ ማህተም አድርጎበት ነው የላከችው ሁሉም ተቀበሏት፣ ሆኖም አንዳንድ ኮሌጅ የትርጉም ቤት ማህተም ሊፈልግ ስለሚችል ኢሜል አድርጋችሁ ጠይቁ። ስካን ስታደርጉ ማህተሙ ይታይ፣ በስልክ ካነሳችሁት በቀን ብርሃን ውጭ አውጥታችሁ አንሱት።

የዘመን አቆጣጠርና ስም

በዚህ የተበላሸ ማመልከቻ ብዙ አይቻለሁ። ፎርሙ የሚጠይቀው ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን የፈረንጅ ዓመት ገቢ ነው። በ2026 መስከረም አካባቢ ለሚጀምር ልጅ የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው፣ ያ በኛ ከታህሳስ 22 2016 እስከ ታህሳስ 22 2017 ያለው ጊዜ ነው። የኛ ገበሬ ደግሞ የሚቆጥረው በመኸር ነው። እኛ ያደረግነው የ2016 መኸር ከገባ በኋላ የተሸጠውን ነው፣ እንዴት እንደቆጠርን አንድ መስመር ጻፍን፣ ማንም አልጠየቀንም።

ምንዛሪ ሌላው ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት የእርዳታ ፎርም ላይ በብር መሙላት ይቻላል ራሱ ይቀይረዋል፣ በብር ሙሉት። በዶላር የሚጠይቅ ፎርም ከሆነ ግን የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀን ጻፉ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ያ 68,000 ብር በ57 ብር ሲመነዘር 1,193 ዶላር ነው፣ በ120 ሲመነዘር 567 ነው። አንድ ወረቀት ላይ በአንዱ ሌላው ላይ በሌላው ከመነዘራችሁ የዋሻችሁ ይመስላል።

ስም። ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ፎርሙ፣ ሁሉም ላይ የእንግሊዝኛ ፊደሉ አንድ ይሁን፣ ፓስፖርት ያላወጣችሁ ትምህርት ቤቱ የጻፈበትን አይታችሁ በሱ አውጡ። እናታችሁ የአባታችሁን ስም እንደማትይዝ ፈረንጅ አያውቅም፣ የተፋቱ ሊመስለው ይችላል፣ "በኢትዮጵያ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው" ብላችሁ አንድ መስመር ጣል አድርጉ።

ቀኖቹን እኔ በበዓል ነው የምይዛቸው። ኮመን አፕ የሚባለው፣ አንዴ ተሞልቶ ለብዙ ኮሌጅ የሚላከው ማመልከቻ ሐምሌ 25 ይከፈታል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የግሸን ማርያም ዕለት መስከረም 21። ቀደም ብሎ ማመልከት የሚፈልግ ጥቅምት 22 አካባቢ ይዘጋበታል። መደበኛው የብዙ ኮሌጅ መዝጊያ ታህሳስ 23 አካባቢ ነው፣ ቁልቢ ገብርኤል ባለፈ በ4ኛው ቀን፣ ለገና ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማለት ነው። መልስ መስጫው ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ። (በየ4 ዓመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን አንድ ቀን ይንሸራተታል።) የእርዳታ ፎርሙ የራሱ መዝጊያ አለው፣ ከማመልከቻው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ የየኮሌጁን ደብተር ላይ ጻፉት። ደግሞ መብራትና ኔት እንደምታውቁት ነው፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ።

የት ላመልክት

አሜሪካ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ሁሉ ለውጭ ተማሪ ገንዘብ ይሰጣል ማለት አይደለም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ አይሰጡም ወይም ትንሽ ቆንጥረው ነው። የምትፈልጉት "የተቀበልነውን ተማሪ ሙሉ ችግር እንሸፍናለን" የሚሉትን ነው፣ ችግር የሚሉት ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነውን ወጪ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውዶይን ለውጭ ተማሪም ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፣ ግን ለመግባት እጅግ ከባድ ናቸው። ግሪኔል፣ ማካሌስተር፣ ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ (እነዚህ ሁለቱ የሴቶች ኮሌጅ ናቸው) ሲመርጡ አቅምን ያያሉ፣ ከተቀበሏችሁ ግን ችግራችሁን ይሸፍናሉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ለየት ያለ ነው፣ ማንንም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ኮሌጁ ውስጥ ይሠራል፣ ለሥራ ላላፈረ የገበሬ ልጅ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ስሙን የሰማችሁትን ብቻ አትደርድሩ፣ ቀላቅላችሁ አሥር አካባቢ ያዙ።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ። 12ኛ ጨርሳችሁ ውጤት መጥቶላችሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ገብታችሁ መማር ከጀመራችሁ ብዙ ኮሌጆች ዘንድ ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር) ተብላችሁ ነው የምትታዩት፣ ለውጭ ትራንስፈር ደግሞ እርዳታው በጣም ይጠባል፣ ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። አትግቡ አልልም፣ እጅ ላይ ያለ ዕድል ነው፣ የኛ ሀገሩ ኮስት ሼሪንግ ሥራ ይዛችሁ ከደሞዝ የምትከፍሉት ስለሆነ ማንንም ከትምህርት አያስቀርም። ግን ሳታውቁት በር እንዳትዘጉ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ክፍያ። የሲኤስኤስ ፕሮፋይል ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር ለያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው፣ የኛ ካርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። መፍትሄው ለየኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ኢሜል ጽፎ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ኮድ መጠየቅ ነው። አራት መስመር በቂ ነው፣ ስሜ እገሌ ነው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ የቤተሰቤ ዓመታዊ ገቢ ይሄን ያህል ነው፣ የውጭ ምንዛሪ መክፈያ የለኝም ኮድ ብትሰጡኝ ወይም በነጻው ፎርም እንድሞላ ብትፈቅዱልኝ። እህቴ ለ9 ኮሌጅ ጽፋ 6ቱ ኮድ ላኩላት፣ 2ቱ ነጻ ፎርም ላኩ፣ አንዱ አልመለሰም። የማመልከቻ ክፍያም ኮመን አፕ ላይ ነጻ ማስደረግ ይቻላል፣ አቅም እንደሌላችሁ የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ወይም ካውንስለር ያረጋግጥላችኋል። ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ጋ አትሂዱ። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነጻ ያማክራል።

ፎርሙ መጨረሻ ላይ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ባዶ አትተዉት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፣ ትምህርት የተቋረጠበት ቦታ ብዙ ነው፣ በ2013 አጣዬ ላይ ቤት ንብረታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች አሉ። የደረሰባችሁን ብቻ፣ ከነቀኑ፣ ምን እንደጠፋና ምን እንደተረፈ ጻፉ። ማጋነን አያስፈልግም፣ እውነቱ ራሱ ይበቃል።

መልሱ ሲመጣ

"እንኳን ደስ አለህ" የሚለውን አይታችሁ ሠፈር ከመጥራታችሁ በፊት ሁለተኛውን ወረቀት አንብቡ። ግራንት ወይም ስኮላርሺፕ የሚለው የማይመለስ ነው። ካምፓስ ጆብ የሚለው እዛ ሠርታችሁ የምታገኙት ነው፣ ቀድሞ እጃችሁ አይገባም። ሎን ብድር ነው። ፓሬንት ኮንትሪቢውሽን የሚለው ቤተሰብ የሚከፍለው ነው፣ በየዓመቱ ነው ደግሞ አንዴ አይደለም። ምን ምን እንደሸፈነ እዩ፣ ትምህርት፣ ዶርም፣ ምግብ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ መጽሐፍ፣ የአውሮፕላን ቲኬት። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትከፍሉት ሴቪስ የሚባል የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ 350 ዶላር አለ፣ አንዳንድ ኮሌጅ ከተጠየቀ ይከፍላል፣ ጠይቁ።

የተጠየቀው ገንዘብ ቤተሰብ የማይችለው ከሆነ ይግባኝ ይባላል። ለእህቴ በዓመት 3,000 ዶላር ቤተሰብ ይክፈል ብለው ነበር። የማዳበሪያ ብድሩን ወረቀትና አዲስ የቀበሌ ደብዳቤ አያይዘን፣ ሳንለማመጥ ሳንቆጣ፣ ገቢው ይሄ ወጪው ይሄ ልዩነቱ ይሄ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን። ወደ 800 አወረዱት። እሱን ደግሞ እኔ እከፍላለሁ።

ዲቪ ደርሷችሁ ለምትሄዱ ቤተሰቦች መንገዱ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ የአሜሪካ መንግሥትን ፋፍሳ የሚባል የእርዳታ ፎርም መሙላት ይችላል፣ ነጻ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ ለ2025/26 እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። እዚህም የሚጠየቀው የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እዚሁ ሀገር የነበራችሁበት ዘመን ነው፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የደሞዝ ወይም የቀበሌ ደብዳቤውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዛ ሆኖ ማስወጣት አድካሚ ነው። ስቴቱ ውስጥ ብዙ ቦታ ዓመት ካልኖራችሁ እንደ ነዋሪ (በዝቅተኛው ዋጋ) ስለማያስከፍሏችሁ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል ምናምን አስቀምጡ።

አግኝቶ ማቆየት

ማግኘቱን ሁሉም ያወራል፣ ይሄን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ውጤት። እርዳታው እንዲቀጥል አጥጋቢ ውጤት ይጠየቃል፣ ብዙ ቦታ አማካይ ከ2.0 በላይና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 ከመቶውን ማለፍ ነው፣ በውጤት የተሰጠ ስኮላርሺፕ ከሆነ ግን 3.0 ወይም ከዛ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ የራሳችሁን ደብዳቤ እዩ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከባድ ነው። እኔ ሃይስኩል አንደኛ ነበርኩ፣ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ላይ 48 አገኘሁ፣ ሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም፣ ማፈር ነው። የኛ ሀገር ልጅ መምህር ቢሮ ሄዶ "አልገባኝም" ማለት አይችልበትም፣ ደፋር የሆንን ይመስለናል። እዛ ግን መምህሩ የቢሮ ሰዓት ብሎ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ለሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሄድኩ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ቢ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ።

ኮርስ ጣሉ ቢሏችሁ እንኳ ከ12 ክሬዲት በታች አትውረዱ፣ ቪዛችሁ ሙሉ ጊዜ ተማሪ እንድትሆኑ ያስገድዳል፣ ከዛ በታች ለመውረድ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መፍቀድ አለበት። ሥራም ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው። ሬስቶራንት በጥሬ ገንዘብ እናሠራህ የሚላችሁ የሀገር ሰው አይጠፋም፣ ለናንተ አስቦም ሊሆን ይችላል፣ ግን አትንኩት፣ ቪዛው ከሄደ ሁሉም ሄደ።

ታክስ። ይሄ እኔን ያሳመመኝ ነው። ለትምህርት ክፍያ የሚሰጣችሁ ግራንት ታክስ የለበትም፣ ለዶርምና ለምግብ የሚሰጠው ግን ለውጭ ተማሪ እንደ ገቢ ተቆጥሮ 14 ከመቶ ይቆረጥበታል። ለዶርምና ለምግብ 15,000 ዶላር ከተሰጣችሁ 2,100 ዶላር ነው። እኔ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው ብዬ በ200 ዶላር ኪሴ ገብቼ ጥቅምት ላይ ሂሳቤ ላይ የአንድ ሴሚስተር 1,050 ዶላር ዕዳ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ፣ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። በመጨረሻ ላይብረሪ ሥራ አግኝቼ በየወሩ ከፋፍዬ ከፈልኩት። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ታክሱን ኮሌጁ ይሸፍናል ወይ ብላችሁ በኢሜል ጠይቁ፣ የሚሸፍኑ አሉ። ካልሸፈነ ከመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ፈልጉ፣ የካምፓሱ ሥራ ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ በሌሎች ተይዞ ያልቃል። በፈረንጆች መጋቢት 1042 ኤስ የሚባል የተቆረጠባችሁን ታክስ የሚያሳይ ወረቀት ይመጣላችኋል አትጣሉት፣ በኛ እስከ ሚያዝያ 7 አካባቢ 1040 ኤንአር የሚባለውን የታክስ ፎርም ትሞላላችሁ፣ አንዳንዴ ከተቆረጠው ተመላሽ አለው። ኮሌጆቹ ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር በነጻ ይሰጣሉ።

ገንዘብ ወደ ቤት ስለመላክ። ከባድ ነው መናገሩ። የመጀመሪያውን ደሞዜን 180 ዶላር እንዳለ ላኩ፣ ደስታው አይነገርም፣ መጽሐፍ ግን አልገዛሁም። በኋላ ለአባዬ ሂሳቡን እንዳለ ነገርኩት፣ ይሄን አገኛለሁ ለታክስ ይሄ ለመጽሐፍ ይሄ ይሄዳል ብዬ። ሲገባው ራሱ "ተወው እኛ ደህና ነን፣ ጨርስ" አለኝ፣ ለፋሲካ ብቻ እልክ ጀመር። ቤተሰብ የሚቀየመው ሳያውቅ ነው፣ ከመጀመሪያው ንገሩት።

እርዳታውን በየዓመቱ ማደስ አለ። አንዳንዱ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ አንዴ ወስኖ አራቱንም ዓመት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ በየዓመቱ ፎርምና አዲስ የገቢ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ የናንተ የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ወር ጠይቁ። የሚታደስ ከሆነ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ይመዝግብ። አባዬ አሁን አንድ ሰማያዊ ደብተር አለው፣ በግ በሸጠ ቁጥር ቀኑንና ብሩን ይጽፋል፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ደረሰኙን እዛው ያስገባዋል፣ ጥር ላይ ታናሽ ወንድሜ ገጾቹን በስልክ አንስቶ ይልክልናል፣ የእህቴን ፎርም ዘንድሮ ከሱ ላይ በአንድ ምሽት ነው የምንጨርሰው።

እርዳታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ8 ሴሚስተር ብቻ ነው። ብትታመሙ፣ ቤት ሀዘን ቢደርስ፣ መማር ቢያቅታችሁ፣ ዝም ብላችሁ ከክፍል አትጥፉ፣ የጠፋ ልጅ ኤፍ ይከመርበትና ሴሚስተሩም ይቆጠርበታል። ቀድማችሁ ዲኑ ቢሮና የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱና ፈቃድ መውሰድ እፈልጋለሁ በሉ፣ በወረቀት ይሁን፣ ስመለስ እርዳታዬ ይቀጥላል ወይ የሚለውን ጥያቄ በኢሜል ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ።